ዘማሪና አዝማሪ፦ የጎንደር መሰንቆ በቃሉ ሚዛን

መሰንቆ መምታትን ከአባቱ የተማረ፣ በሠርግና በጠጅ ቤት እየተጫወተ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር አንድ የጎንደር አዝማሪ ወንጌልን ሰምቶ ቢያምንና ወደ እናንተ መጥቶ «መሰንቆዬን ምን ላድርገው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? «ስበረው» ትሉታላችሁ? «ሽጠው» ትሉታላችሁ? ወይስ «ይዘኸው ና» ትሉታላችሁ?

ይህ ጥያቄ የአንድን ሰው እንጀራ፣ ስምና ኅሊና ይነካል። የምንሰጠው መልስ ደግሞ ስለ አዝማሪው ከሚናገረው በላይ ስለ ወንጌል ያለንን መረዳት ይገልጣል። ብዙዎቻችን ሳንመረምር የምንቸኩልበት መልስ «የዓለም ነው፤ የሰይጣን ሙዚቃ ነው» የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የጎንደር አዝማሪ ማን እንደ ሆነና ሙዚቃው እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። ቀጥሎም በግልጽ ለክፉ መንፈስ ከሚዘፈነው ዘፈን ጋር ያነጻጽረዋል። በመጨረሻም «የሰይጣን ሙዚቃ» የሚለውን ፍርድ በቅዱስ ቃሉ ይመዝናል። ቃሉ ዘፈንን የሚመዝነው ለማን እንደሚቀርብ፣ ምን እንደሚናገርና ምን ፍሬ እንደሚያፈራ በማየት እንጂ መሣሪያውን በማየት አይደለም። እኛ ግን ማኅበረሰቡ በአዝማሪው ላይ ያለውን ንቀት ተቀብለን ብዙ ጊዜ መንፈሳዊ ማስተዋል ብለን ጠርተነዋል።

አንድ ሥር፣ ሁለት ስም

በአጥቢያዎቻችን «ዘማሪ» የክብር ስም ነው። በፖስተር ላይ ከስም አስቀድሞ ይጻፋል፤ በጉባኤ መካከል ወንበር ይሰጠዋል። «አዝማሪ» ግን በብዙ ሰው አፍ ስድብ ነው። ልጁ ሙዚቃ የወደደ አባት «አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው?» ብሎ ይቈጣል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ስሞች «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጡ ናቸው፤ ትርጕሙም ዘመረ፣ አመሰገነ ማለት ነው። «መዝሙር» እና «ዝማሬ» የሚሉት ቃላትም ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው።

የቃል ሥር ብቻውን ነገረ መለኮት አይሆንም። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳስበናል፦ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለውን ርቀት የፈጠረው ቋንቋው አይደለም፤ ማኅበራዊ ታሪክ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ማወቅ ይገባናል።

የጎንደር አዝማሪ ማን ነው?

ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ከተማዋ የሁለት ታላላቅ የድምፅ ትውፊቶች ማዕከል ሆነች። አንደኛው በቤተ ክህነት ውስጥ ያለው የዜማና የአቋቋም ትምህርት ነው፤ የጎንደር በአታ ዛሬም በአቋቋም ምስክርነቷ ትታወቃለች። ሁለተኛው ከቤተ ክህነት ቅጥር ውጭ፣ በነገሥታቱና በመኳንንቱ አዳራሽ፣ በገበያና በሠርግ ቤት የሚሰማው የአዝማሪው መሰንቆ ነው።

አዝማሪነት በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ሙያ ሆኖ ኖሯል። ልጁ ከአባቱና ከአጎቱ ሥር ሆኖ ይማራል፤ ጋብቻውም እርስ በርስ ነበር። ከጎንደር ከተማ ብዙ የማትርቀው ቡርቧክስ የምትባለው ቀበሌ የአዝማሪ ቤተሰቦች መንደር በመሆን ትታወቃለች። አዝማሪዎቹ ሌላ ሰው የማያውቀው የራሳቸው የሙያ ቋንቋ አላቸው፤ በተጋባዦች ፊት እርስ በርስ ይነጋገሩበታል። ጃፓናዊው አጥኚ ኢትሱሺ ካዋሴ በጎንደር ከአዝማሪ ልጆች ጋር ጊዜ አሳልፎ፣ በመንገድ ላይ እየተጫወቱ የሚተዳደሩ ሕፃናትን ሕይወት በፊልም ቀርጿል።

ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ፣ የደጋው የሠርግ ወራት ነው። በዚህ ወቅት መሰንቆ ከከተማ ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅና ወደ ወገራ መንደሮች ይወጣል። የጾሙ ወራት ሲመጣ ገበያው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አዝማሪው የሚኖረው በሰው ደስታና በሰው ኪስ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። መሬት ባርሶ እንደሚያድረው ገበሬ የተከበረ አይደለም፤ እንደ ሸማኔውና እንደ ቀጥቃጩም ለጋብቻ አይፈለግም ነበር። ያለ እርሱ ግን ሠርግ አይደምቅም። ማኅበረሰቡ የሚፈልገውን ሰው ንቆ ኖሯል።

ሆኖም የተናቀው ሰው ሥልጣን ነበረው። ጋዜጣና ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን ወሬ አድራሹ፣ ታሪክ ነጋሪው፣ ጌታውን በፊቱ አመስግኖ በግጥሙ ውስጥ የሚወቅሰው እርሱ ነበር። ይህን የጣልያን ወራሪዎችም ያውቁ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ ሕዝቡን ያነሣሣሉ ተብለው እንዲታደኑና እንዲገደሉ ትእዛዝ ከተላለፈባቸው ሰዎች መካከል ከጠንቋዮችና ከባሕታውያን ጋር አዝማሪዎች ይገኙበታል። መሰንቆ ይዞ በየገበያው መዞር ለሞት የሚያበቃ ወንጀል ሆኖ ነበር።

ከአዝማሪው የሚለዩ ሌሎች ዘፋኞችም አሉ፤ «ላሊበላ» ወይም «ሐሚና» ይባላሉ። እነርሱ መሰንቆ አይዙም። ሌሊት ሳይነጋ በየደጁ እየዞሩ በድምፃቸው ብቻ ይዘፍናሉ፤ ምጽዋት ሲሰጧቸው ይመርቃሉ። ይህን ካቆሙ ለምጽ ይይዛቸዋል የሚል እምነት ከስማቸው ጋር ተያይዞ ኖሯል። በፍርሃት የሚዘፈን ዘፈን ማለት ይህ ነው። ወንጌልን ለምንሰብክ ሰዎች ደግሞ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ክርስቶስ ነፃ የሚያወጣው ከኃጢአት ብቻ ሳይሆን ከእንዲህ ያለው ፍርሃትም ነው።

ሙዚቃው እንዴት ይሠራል?

መሰንቆ ቀላል መሣሪያ ነው። አራት ማዕዘን ያለው፣ በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ሳጥን፣ ረጅም አንገት፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር፣ ጭራ የተወጠረበት ደጋን፤ በቃ። በአንዱ ክር ላይ የሚወጣው ድምፅ የሰውን ድምፅ ይመስላል፤ ያለቅሳል፣ ይሣሣቃል፣ ይመልሳል።

አዝማሪው የሚጫወትባቸው ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቅኝት የቆመው በአምስት ድምፆች ላይ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በእሑድ ጉባኤያችን ከምንዘምራቸው የአማርኛ መዝሙሮች ብዙዎቹ በእነዚሁ ቅኝቶች የተዘጋጁ ናቸው። በኪቦርድ ስለ ተጫወትናቸው ቅኝቱ አልተለወጠም። በትዝታ ቅኝት የንስሐ መዝሙር ዘምረን አልቅሰናል። ቅኝቱ ርኩስ ቢሆን ኖሮ መዝሙራችን ሁሉ ከእርሱ ጋር በረከሰ ነበር።

የአዝማሪው እውነተኛ ጥበብ ግን በግጥሙ ላይ ነው። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ወይም ራሱ በቅጽበት ይገጥማል። የተጋባዡን ስም፣ አገሩን፣ ልብሱን፣ አብራው የተቀመጠችውን ሴት ሳይቀር በግጥሙ ያስገባል። ሽልማቱም በግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ሰምና ወርቅ የሚባለው የአነጋገር ስልት እዚህ ሥራ ላይ ይውላል፦ ላይ ላዩን ሙገሳ የሆነው ውስጡ ወቀሳ፣ ላይ ላዩን ወቀሳ የሆነው ውስጡ ፍቅር ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የምንረዳው በአዝማሪ ቤት ዋናው ነገር ቃሉና ግንኙነቱ መሆኑን ነው። መሰንቆው ቃል አይመርጥም። ከጠጁ ጋር ጸያፍ ቃል ከመጣ ጸያፉን ያጅባል፤ የሙሽራ ምርቃት ከመጣም ምርቃቱን ያጅባል። የሽለላና የፉከራ ቃል ከመጣ ደግሞ የአንድን ሰው ደም አፍልቶ ለበቀል ሊያስነሣው ይችላል። በእኛ ደጋማ አገር፣ ደም መመለስ እንደ ወንድነት በሚቈጠርበት ስፍራ፣ ከጸያፍ ዘፈን ይልቅ ልንፈራው የሚገባን ይህን ነው ብዬ አምናለሁ።

ለመንፈስ የሚዘፈን ዘፈን

«ታዲያ የሰይጣን ዘፈን የሚባል ነገር የለም ማለት ነው?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። አለ። ሩቅም መሄድ አያስፈልገንም፤ በጎንደር የዛር ቤት አለ።

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ለወራት ጎንደር ተቀምጦ የዛር ሥርዓትን በቅርብ ተመልክቷል፤ ስለ እርሱም በ1958 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። የሥርዓቱን መልክ ብዙዎቻችን ከአያቶቻችን ቤት ወይም ከጎረቤት እናውቀዋለን፦ ቡናው፣ ዕጣኑ፣ ጭዳው፣ እስኪነጋ የሚዘልቀው ዘፈን። ከበሮው ይመታል፣ ይጨበጨባል፣ ለእያንዳንዱ ዛር የራሱ ዘፈንና ፉከራ ይቀርብለታል። የተያዘው ሰው ራሱን እየናጠ ያጓራል፤ በዛሩ ስም ይፎክራል፤ ዛሩም የሚፈልገውን በአፉ ይናገራል።

ይህ ዘፈን የሚቀርብለት አለው። ተጠርቶ ይመጣል፣ ይሰገድለታል፣ መሥዋዕት ይቀርብለታል። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥20-21 ስለ አጋንንት ማዕድ የሚናገረው እንዲህ ያለውን ነው፤ ከዚያ ማዕድና ከጌታ ማዕድ መካፈል በአንድነት አይቻልም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የዛር ቤት ዋና መሣሪያዎች ከበሮና ጭብጨባ ናቸው። ሁለቱም በእኛ ጉባኤ በየሳምንቱ አሉ፤ ከበሮው በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም አለ። ዛር ቤት ስለሚጨበጨብ ጭብጨባን የከለከለ መጋቢ አላውቅም። ታዲያ በጭብጨባ ላይ የምናሳየውን ማስተዋል ለመሰንቆ ለምን እንነፍገዋለን?

ከሩቅ አገር አንድ ማነጻጸሪያ

ነገሩን የበለጠ የሚያጠራልን ምሳሌ ከባሕር ማዶ አለ። ወጣቶቻችን በስልካቸው የዓለምን ሙዚቃ ሁሉ በሚሰሙበት በዚህ ዘመን ማወቁ አይጎዳንም። «ብላክ ሜታል» የሚባለው የሮክ ዘር ስሙን ያገኘው ቬነም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1982 እ.ኤ.አ. ካወጣው አልበም ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኖርዌይ የተነሡ ባንዶች ነገሩን ከጨዋታ አሳልፈው በግልጽ ፀረ ክርስትና አቋም ይዘው ወጡ። በ1992 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር በቤርገን ከተማ አጠገብ የነበረው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በእሳት ወደመ፤ ሌሎችም ተከትለው ተቃጠሉ። በ1994 እ.ኤ.አ. ከእነዚህ ሙዚቀኞች አንዱ ሰው በመግደልና አብያተ ክርስቲያናትን በማቃጠል የ21 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሙዚቃው ወደ ሩሲያም ተሻግሯል፤ በዚያ ከተነሡት ባንዶች አንዳንዶቹ ስላቮች ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት ወደነበረው የጣዖት አምልኮ መመለስን ያወድሳሉ።

ድምፁ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው፦ እጅግ የፈጠነ ከበሮ፣ ያለ ማቋረጥ የሚርገበገብ ጊታር፣ ከጉሮሮ የሚወጣ ጩኸት። የሰማው ሰው ሁሉ «ይህስ ራሱ ድምፁ የሰይጣን ነው» ለማለት ይቀናዋል። ግን በዚያው በ1994 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያዊ ክርስቲያን ሙዚቀኛ ሆርድ በሚል ስም በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ጊታር፣ በዚያው ጩኸት ክርስቶስን የሚያከብርና ሰይጣንን የሚቃወም አልበም አወጣ። እንዲህ ያለውን ሙዚቃ በአምልኮ ፕሮግራማችን እንድናስገባ አልመክርም። ምሳሌው የሚያሳየን ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከጊታሩ ሳይሆን ከቃሉ፣ ከሚቀርብለትና ከፍሬው የመጣ መሆኑን ነው። አንዱ ቤተ ክርስቲያን አቃጠለ፤ ሌላው አመሰገነ።

በአገራችንም የሮክ ጊታርን ከኢትዮጵያ ዜማ ጋር ያዋሐደው ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን በ2012 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ከባድ ጊታር ስላለበት ብቻ «ሰይጣናዊ» ብንለው ሙዚቃውን ሳንመረምር ፈረድን ማለት ነው። መስማት፣ ቃሉን ማንበብ፣ ከዚያ መፍረድ ይቀድማል።

«ዘፋኝነት» በገላትያ 5፥21

ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚዘጋው አንድ ጥቅስ ነው። በ1954 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፍ ቅዱሳችን በገላትያ 5፥21 ከሥጋ ሥራዎች መካከል «ዘፋኝነት» ተቈጥሯል። «እንግዲህ መዝፈን ኃጢአት ነው፤ አዝማሪም የእግዚአብሔርን መንግሥት አይወርስም» ተብሎ ይደመደማል።

ከዚህ ቃል በስተጀርባ ያለው የግሪክ ቃል «ኮሞስ» ነው። ኮሞስ መዘመርን ወይም መሣሪያ መጫወትን የሚያመለክት ተራ ቃል አይደለም። በጥንቱ የግሪክ ዓለም ሰክረው ሌሊት በየመንገዱ እየጮኹና እየዘፈኑ የሚሄዱ ሰዎችን ጭፈራ ያመለክታል፤ ብዙ ጊዜም የወይን አምላክ ከሚባለው ከዲዮኒሶስ በዓል ጋር የተያያዘ ነበር። ቃሉ በአዲስ ኪዳን ሦስት ጊዜ ብቻ ይገኛል፦ በገላትያ 5፥21፣ በሮሜ 13፥13ና በ1ኛ ጴጥሮስ 4፥3። በሦስቱም ቦታ ከስካር ጋር ተያይዞ ነው የተጻፈው። ሐዋርያት የሚኮንኑት ስካርና መዳራት የገዙትን ሌሊት ነው።

ይህ አተረጓጎም በሁለት በኩል ይቈርጣል። መሰንቆን ከኵነኔ ያወጣዋል፤ ጠጅ ቤቱን ግን አያወጣውም። አዝማሪው የሚያጅበው ስካርና ዝሙት የነገሠበትን ሌሊት ከሆነ፣ «እኔ የምጫወተው መሣሪያ ብቻ ነው» ማለት አይችልም። እኛም በሠርጋችን «መዝሙር» እያልን በኮሞስ መንፈስ ከጨፈርን ስሙ አያድነንም።

መጽሐፍ ቅዱሳችን መሰንቆን በሦስት ቤት ያሳየናል። በዳንኤል 3 ንጉሡ ላቆመው ምስል ሰዎች እንዲሰግዱ ምልክት ከሚሰጡት መሣሪያዎች መካከል መሰንቆ አለ። በመዝሙር 150 እግዚአብሔር ከሚመሰገንባቸው መካከል ያው መሰንቆ አለ። በሉቃስ 15፥25 ደግሞ ታላቁ ልጅ ከእርሻ ሲመለስ የመሰንቆና የዘፈን ድምፅ የሚሰማው ከአባቱ ቤት ነው። እርግጥ ነው፣ በዕብራይስጡና በግሪኩ የተጠቀሱት መሣሪያዎች የእኛው ባለ አንድ ክር መሰንቆ አይደሉም፤ ተርጓሚዎቹ አንባቢው የሚያውቀውን ስም ሰጥተዋቸዋል። ነጥቡ ግን አይለወጥም። ያው መሣሪያ በጣዖት ፊት፣ በመቅደስ ውስጥና በአባት ቤት ግብዣ ላይ ይሰማል። ሦስቱ የአይሁድ ወጣቶች መሣሪያዎቹን ሲሰብሩ አላየንም፤ ለምስሉ አንሰግድም ብለው ቆሙ እንጂ።

ቃሉ ከአምልኮ ውጭ የሆነን ዘፈንም ያውቃል። እስራኤል ለተቈፈረ የውኃ ጕድጓድ ዘምሯል (ዘኍልቍ 21፥17-18)። ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ሙሾ አውጥቷል (2ኛ ሳሙኤል 1)። መኃልየ መኃልይ የፍቅር መዝሙር ነው። በአንጻሩ አሞጽ 6፥5-6 በዋንጫ እየጠጡና እየዘፈኑ ስለ ወንድማቸው ጥፋት የማያዝኑትን ይገሥጻል። ስለዚህ ለሥራ፣ ለሐዘን፣ ለሠርግ የሚሆን ንጹሕ ዘፈን በእግዚአብሔር ፊት ቦታ አለው።

አባቶች ምን አደረጉ?

ጥያቄው በእኛ አልተጀመረም። አውግስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ፣ በቤተ ክርስቲያን ሲዘመር ከቃሉ ይልቅ ዜማው እንዳያሸንፈው ይጨነቅ ነበር፤ ሆኖም ዝማሬ ደካማውን ልብ እንደሚያነቃ አይቶ ልማዱን ደገፈ። በተሐድሶ ዘመን ዙሪክ ውስጥ፣ በዝዊንግሊ መሪነት፣ ኦርጋን ከአምልኮ እንዲወጣ ተደረገ። በዚያው ዘመን ማርቲን ሉተር ሙዚቃን ከእግዚአብሔር ስጦታዎች መካከል ከፍ አድርጎ ሕዝቡን በቋንቋው አዘመረ። ሁለቱም ቃሉን የሚያከብሩ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ግን በመላው ዓለም ያሉ ብዙ ወንጌላውያን የሚዘምሩት የሉተርን መንገድ ተከትለው ነው፤ እኛም ጭምር። ኪቦርድና ጊታር በጭፈራ ቤቶች ሁሉ እንደሚሰሙ እያወቅን በመድረካችን ላይ አኑረናቸዋል። ታዲያ ከባሕር ማዶ የመጣውን መሣሪያ በቀላሉ ይቅር ብለን ከገዛ አፈራችን የበቀለውን የምንኰንነው ለምንድን ነው? መልሱ መሰንቆውን በያዘው ሰው ላይ ካለን ንቀት እንዳይሆን እሰጋለሁ። እንዲህ ከሆነ ያዕቆብ 2 የሚገሥጸን በፊት አይቶ ማዳላት ነው፤ ነገሩ ከሙዚቃ ጉዳይ አልፏል።

አዝማሪው ሲጠይቃችሁ

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ለጌታ ልጅ ለሆነው ለዚህ ወንድም ምን እንበለው?

መጀመሪያ፣ የዛር ቤትና የመሰንቆ ቤትን ለዩለት። ለመናፍስት የዘፈነ ከሆነ ያን ዘፈን ፈጽሞ ይተው። በሐዋርያት ሥራ 19፥19 የኤፌሶን ሰዎች የጥንቆላ መጻሕፍታቸውን አቃጥለዋል፤ ማንበብን ግን አልተዉም።

ሁለተኛ፣ ከእርሱ ጋር ተቀምጣችሁ ግጥሞቹን መርምሩ። ለሠርግ የሚሆነው ምርቃት፣ ለሐዘን የሚሆነው ማጽናኛ፣ ለአገር የሚሆነው ምክር ሊቀጥል ይችላል። ጸያፉ፣ ለገንዘብ ሲባል የሚነገረው ውሸተኛ ሙገሳና ደም የሚያፈላው ፉከራ ግን ይቅር። ያ አንደበቱ ለዕርቅ ቢውል ምን ያህል በጎ እንደሚያደርግ አስቡ! አንድ ጥሩ አዝማሪ ሁለት የተቀያየሙ ቤተሰቦችን በአንድ ግጥም ሊያስለቅስ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ስለ እንጀራው አስቡ። «ጠጅ ቤት አትሂድ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ የዛሬውን እራት ለልጆቹ ማን ይሰጣል? የአማኞች ሠርግ ሲኖር ጥሩት፤ ጠርታችሁም በነጻ አታሰናብቱት። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥18 ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ያስተምራል። አጥቢያዋ ከገቢው ግማሹን እንዲተው ከጠየቀችው የጎደለውን መሸፈን የእርሷም ሸክም ነው።

አራተኛ፣ ምስክርነቱን ለመስማት ቸኩላችሁ መድረክ ላይ አታውጡት። በቃሉ ይተከል። «ከአዝማሪነት የዳነ» ብላችሁ በየጉባኤው ብታዞሩት ንቀቱን በሌላ መንገድ ቀጠላችሁበት ማለት ነው።

አምስተኛ፣ የደካማውን ኅሊና አትርሱ። በጉባኤው ውስጥ ለብዙ ዓመታት በዛር የተሠቃየች እናት ልትኖር ትችላለች፤ የከበሮ ወይም የመሰንቆ ድምፅ ያን ሌሊት ይመልስባት ይሆናል። ጳውሎስ ሥጋ መብላት ኃጢአት እንዳልሆነ እያወቀ ስለ ወንድሙ ሲል መተውን መርጧል (1ኛ ቆሮንቶስ 8፥13)። ነጻነታችንን ለፍቅር ስንል ለጊዜው ልንገታው እንችላለን። ይህን ስናደርግ ግን «ለእኅታችን ስንል ነው» እንበል እንጂ «መሰንቆው ርኩስ ስለሆነ ነው» አንበል። ሁለቱ የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው፤ ሁለተኛው እውነት አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ በሉቃስ 15 ታላቁ ልጅ የመሰንቆውን ድምፅ ሰምቶ ከደጅ ቀረ፤ የቀረው ድምፁ ርኩስ ስለነበረ አልነበረም፤ ግብዣው ለማይገባው ወንድሙ መደረጉ ስላስቈጣው ነው። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ በራችሁን ሲያንኳኳ በሩን ክፈቱለት። ቡና አቅርቡለት፣ ግጥሞቹን አብራችሁ መርምሩ፣ ለመጪው ጥር ሠርግ ካላችሁም ከወዲሁ ቀጠሮ ያዙለት።